እንቁላሏን ሳትጥል

በአሜሪካዋ ሲያትል ምዕራባዊ ሰፈር ሎንግፌሎው የሚባል ትንሽ ጅረት ይወርዳል። በቤቶችና በመንገዶች መካከል ተሹለክልኮ፣ በዱዋሚሽ ወንዝ አፍ በኩል ፒውጀት ሳውንድ ከተባለው የባሕር ሰላጤ ይደርሳል። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በከተማዋ ለሚወርዱ ጅረቶች ብዙ ተደክሞላቸዋል። ዳርቻቸው ተስተካከለ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ለዓሣ ማለፊያው ተከፈተለት። ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዓይነትም ተመልሶ መጣ።

ኮሆ በጅረት ተፈልፍሎ፣ ባሕር ወርዶ አድጎ፣ በሦስት ዓመቱ ግድም ወደ ተወለደበት ውሃ የሚመለስ ዓሣ ነው። የሚመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘሩን ተክቶ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ሞቱ ማንንም አያስደነግጥም። ያስደነገጠው መቼ እንደሚሞት ነበር።

የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ሲጥል ጅረቱን የሚከታተሉት ሰዎች አንዲት ሴት ኮሆ ያያሉ። ቁስል የለባትም፣ አልከሳችም። ግን እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች። ወደ ውሃው ፊት ወጥታ አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ የጎን ክንፎቿ ግትር ብለው ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ተገልብጣ ትንሳፈፋለች። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሞታለች። ሆዷ ሲቀደድ ብርቱካናማ እንቁላሎቿ ሞልተው ይገኛሉ። ከባሕር ድረስ የተሸከመችውን ሳታራግፍ፣ ደጃፏ ላይ ቀረች። በሎንግፌሎው እንዲህ የሚሞቱት በአንዳንድ ዓመት ከተመለሱት ሴቶች ከግማሽ በላይ፣ በአንዳንዱም ሁሉም ነበሩ።

ናታንየል ሾልዝና በአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ያሉ ባልደረቦቹ ነገሩን ለዓመታት ተከታተሉት። የውሃው ሙቀት ይሆን? አይደለም። የኦክስጅን ማነስ? በሽታ? ከየጓሮው የሚታጠብ ፀረ ተባይ? እነዚህም አልነበሩም። በ2011 ጥናታቸውን ሲያወጡ ገዳዩን በስሙ መጥራት አልቻሉም። የቀረው ፍንጭ አንድ ነው፦ ዓሣው የሚሞተው ሲዘንብ ነው፤ ደግሞም መንገድና መኪና በበዛበት ጅረት ይብሳል።

ቀጣዩ ሙከራ የተካሄደው የአገሬው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሱኳሚሾች ዓሣ በሚያራቡበት ስፍራ ነው። ጁላን ስፕሮምበርግ፣ ጄኒፈር ማኪንታየርና ጓዶቻቸው መጀመሪያ የሚጠረጠሩትን ብረታ ብረቶችና የነዳጅ ቅሪቶች በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ኮሆዎቹን ከተቱባቸው። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም። ቀጥሎ ከሲያትል አውራ ጎዳና በዝናብ ጊዜ የተቀዳውን ጥቁር እጣቢ አመጡ። በዚህኛው የገቡት ሁሉ ሞቱ። በመጨረሻ ያንኑ እጣቢ አሸዋ፣ ኮምፖስትና የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት በተሞላ በርሜል አናት ላይ አፈሰሱት። ውሃው በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ከሥር ወጣ። በዚህ ውሃ ውስጥ የገቡት ኮሆዎች አልሞቱም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። የመርዙ ስም ገና አልታወቀም፤ መድኃኒቱ ግን በርሜል ውስጥ ተቀምጧል። ያውም ማንም አትክልተኛ በእጁ የሚያውቀው አፈር ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ስሙን የማግኘቱ ሥራ ከሲያትል በስተደቡብ ባለችው ታኮማ ቀጠለ። የኤድዋርድ ኮሎጄ ቡድን በዓሦቹ መሞቻ ውሃ ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ሲመረምር ዱካው ወደ መኪና ጎማ መራው። ጎማ ሸርፈው በውሃ ዘፈዘፉ፤ ውሃው የኮሆ ጫጩቶችን ገደለ። ችግሩ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ከ2,000 በላይ ኬሚካሎች መኖራቸው ነው። ጄንዩ ቲያን የተባለው ተመራማሪ እንደ ጤፍ ያበጥረው ገባ፦ ውሃውን በየባሕርዩ ይከፋፍላል፣ እያንዳንዱን ክፍልፋይ በዓሣ ይሞክራል፣ ዓሣ የማይሞትበትን ትቶ የሚሞትበትን ደግሞ ይከፍላል። ሲያበጥር ቆይቶ አንድ ውህድ ቀረው፦ 18 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። እንዲህ ያለ ነገር ጎማ ውስጥ ይጨመራል ብሎ የመዘገበ ማንም አልነበረም።

የተመዘገበው ዘመዱ ነበር። ሲክስ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ በፋብሪካ ይጨመራል። አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ጎማውን ሊያጠቃ ሲመጣ ሲክስ ፒፒዲ ቀድሞ ይጋፈጠዋል። በዚህ ግጥሚያ ሁለት ሃይድሮጅን ጥሎ ሁለት ኦክስጅን ይወስድና ሲክስ ፒፒዲ ኪኖን ይሆናል። ቡድኑ ሲክስ ፒፒዲን ከኦዞን ጋር በቤተ ሙከራ ሲያገናኝ ያው ገዳይ ተወለደ። ውጤቱ በታኅሣሥ 2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። በኋላ እንደተለካው በአንድ ሊትር ውሃ 0.1 ማይክሮግራም የማይሞላው መጠን ከኮሆ ጫጩቶች ግማሹን ይፈጃል። ቸም የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ሳልሞን ግን ያንን የመንገድ እጣቢ ይቋቋማል።

ሆን ብሎ ዓሣ ሊፈጅ የተነሣ ሰው የለም። ፍሬን በተያዘ፣ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ጎማ ደቅቆ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ዝናቡ ደግሞ ጠርጎ ወደ ቱቦ ያወርደዋል። በሲያትል ታክሲ እየነዱ ልጆች የሚያሳድጉ፣ አገር ቤት ያለ ወላጅ የሚጦሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለእነሱ ጎማ እንጀራ ነው፤ በሩጫ ላይ የማይፈነዳ ጎማ ደግሞ ሕይወት ነው። ስለዚህ ኬሚካሉን ነገ አውጡት ብሎ ማዘዝ ቀላል አይደለም፤ ጎማውን የሚጠብቅ፣ ዓሣውንም የማይነካ ምትክ መገኘት አለበት። በ2023 ሳልሞን የኑሯቸውና የእምነታቸው ምሰሶ የሆነላቸው ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያለፕ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ኬሚካሉ ከጎማ እንዲወጣ ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አቤት አሉ። ኤጀንሲው በዚያው ዓመት አቤቱታቸውን ተቀብሎ ደንብ ወደማዘጋጀቱ ገባ። ምትክ እስኪገኝ ግን ዝናቡ አይጠብቅም።

በሲያትል ኦሮራ የሚባል ረጅም ድልድይ አለ። ሥሩ ሳልሞኖች ከባሕር ሲመለሱ የሚያልፉበት የውሃ መንገድ ነው። ከድልድዩ የሚወርደው እጣቢ ቀድሞ በቱቦ በቀጥታ እላያቸው ይፈስ ነበር። አሁን ከፊሉን ከድልድዩ ግርጌ በተሠሩ፣ ሣርና ቁጥቋጦ በለበሱ ጎድጓዳ መደቦች እንዲያልፍ አድርገውታል። ጥቁሩ ውሃ ከላይ ይገባል፣ አሸዋውና ኮምፖስቱ ውስጥ ሰርጎ ይዘገያል፣ ከዚያ ጠርቶ ወደ ዓሦቹ ይወርዳል።