ባለ 48 ቮልቱ ድሪልና ሌሎች የገበያ ተረቶች

አጠና ተራ በር ሲገጥም የሚውል አናጺም ሆነ ቤቴል የመጋረጃ ዘንግ ሊሰቅል ያሰበ የቤት ባለቤት የባትሪ ድሪል ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል።

«ቮልቱ ከበዛ ጉልበቱም ይበዛል» ይባላል። ቁጥሩ እውነተኛ ቢሆን አባባሉ ከእውነት ብዙም አይርቅም ነበር። ነገር ግን 48፣ 88፣ አልፎ ተርፎም 128 ተብሎ ከጎኑ «ቪኤፍ» የተጨመረበት ድሪል ሞልቷል። ቪኤፍ የሚባል የቮልት መለኪያ የለም። አንዲት የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ስለምትሰጥ፣ ለ48 ቮልት 13 ያህል ሴል ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ሴል ከድሪሉ እጀታ ሥር ባለች ትንሽ ባትሪ ውስጥ የት ይገባል? አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያለው 5 ሴል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አምስቱ ተደምረው 18 ቮልት ይሆናሉ።

በዚሁ ሂሳብ የማኪታ 18 እና የዲዋልት «20 ማክስ» አንድ ናቸው። ሁለቱም ባለ 5 ሴል ሲሆኑ 20 የሚለው ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚለካው ነው። በቮልት ልዩነት ብቻ ለሁለተኛው ጭማሪ የከፈለ ሰው ለጽሑፉ ከፍሏል። ባትሪው የሚይዘውን መጠን በሚናገረው አምፔር ሰዓት ላይም ማጋነን አለ። በብዙ ባትሪዎች ውስጥ ያለው 18650 የተባለው ሴል ከ3.5 ብዙም አያልፍም፤ ሴሎች በአንድ ረድፍ ሲቀጣጠሉም የሚደመረው ቮልቱ እንጂ አምፔር ሰዓቱ አይደለም፤ ስለዚህ 5 ሴል በአንድ ረድፍ የያዘ ቀጭን ባትሪ ላይ 10 አምፔር ሰዓት የሚል ካያችሁ ሳቁበት።

«የቻይና ከሆነ አይረባም» የሚለው ደግሞ የቆየ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ናጎያ ውስጥ የተመሠረተው ማኪታ ቻይና ኩንሻን ፋብሪካ አለው፤ ቦሽም ሃንግዡ ውስጥ ያመርታል። አሜሪካዊ ነው የምንለው ሚልዋኪ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆንግ ኮንጉ ቲቲአይ ንብረት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የሴሉ ጥራት፣ የጥርሱ ብረት፣ ፑንታ የሚይዘው አፍ ጥንካሬና ባትሪው ሲግል የሚቆርጠው መከላከያ ነው። በእኔ እይታ በዓመት ጥቂት ቀዳዳ ለሚበሳ ሰው የቻይናዎቹ ኢንግኮ ወይም ቶታል ይበቃሉ። ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያስር ለሚውል ባለሙያ ግን ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚባለው ሞተር ተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል፤ ካርቦን ስለማይቀየርለት ብቻ ሳይሆን ከአንድ ቻርጅ ብዙ ሥራ ስለሚያወጣም ነው። ከሁሉ የሚከፋው የማኪታን ቀለምና ስም ለብሶ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው። ርካሹ ድሪል ቢያንስ በራሱ ስም ይጠየቃል።

«ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ይበልጣል» ለሚሉም መልስ አለ። ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ መስመር 220 ነው፤ እንደተሰካ ሊቃጠል ይችላል። መፍትሔው ድሪሉን መጣል አይደለም። የዲዋልት 20 ማክስ ባትሪ በአውሮፓው 18 ኤክስአር ቻርጀር ይሞላል፤ ያው ባለ 220 ነው። መንገደኛው ትርፍ ባትሪውን በሚያስረክበው ሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዝ፤ ከ100 ዋት ሰዓት ካለፈም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቅ። ባለ 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ ባለ 6ቱ ግን 108 ነው።

«ባትሪው ሙጥጥ ሳይል አይሰካም» የሚለው ለኒኬል ካድሚየም ዘመን የተነገረ ነው። ለሊቲየም አይሠራም። እንዲያውም መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በተገኘው ሰዓት መሰካት ይሻላል።

«ብራንድ ከሆነ ኮንክሪት ይበሳል» ለሚለውም ስም አያድንም። ብሎኬት ግድግዳን ማንኛውም ደህና ድሪል ይበሳዋል። ኮለንና ቢም ላይ ግን ተራው ድሪል፣ መዶሻ ምልክት ቢኖረውም፣ ፑንታውን ያግላል እንጂ ብዙ አይገባም። እዚያ የሚያስፈልገው ቦሽ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኤስዲኤስ አያያዝ ያለው ማሽን ነው፤ እሱ ፑንታውን ከውስጥ በራሱ ምት ይመታዋል። ለሁለት ቀዳዳ ብሎ ውድ የባትሪ ድሪል ከመግዛት ባለገመድ ኤስዲኤስ ያለውን ባለሙያ ጠርቶ ማስበሳት ይረክሳል።