ቆዳ እንዳይበሳ ስለ ካራ አሳሳል

በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም የጽጌ ጾም ተፈጽሞ ኅዳር 6 ቀን በዓሉ ሲከበር፥ በአካባቢው በግና ፍየል ይታረዳል። ቆዳውን ዋጋ የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ያልተሳለ ካራ ነው፤ የገፋፊውን እጅ ያስገድደዋልና ሾልኮ ይበሳል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት የመሳያውን ድንጋይ ነገር ቸል ሊሉት አይገባም። በደጋው የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ጥቍር ድንጋይ ስለቱን ይቧጭረዋል እንጂ አያጠራውም። በኤሌክትሪክ የሚዞረው ድንጋይ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ሰማያዊ መልክ እስኪይዝ ቢግል ጥንካሬውን ያጣል፥ ስለቱም አይቆይም። ሞረድም ብረቱን ይበላዋልና ለመጥረቢያ ይተው።

የሚሻለው አንድ ፊቱ ሻካራ፥ ሁለተኛው ልዝብ የሆነ ድንጋይ ነው። ውሃ እያጠጡ፥ የካራውን ጀርባ በትንሽ ጣት ውፍረት ከፍ አድርጎ፥ አስቀድሞ በሻካራው ኋላም በልዝቡ ሁለቱን ጎን እኩል መሳል ነው። የተሳለውም ካራ ለመቅደጃ ብቻ ይሁን፤ የበግና የፍየል ቆዳ ከተቀደደ በኋላ በጡጫ ይገፈፋል።