ኪሎው ቀነሰ፤ የቀነሰው ግን ምኑ ነው?

መቼም ፒያሳ መንገድ ዳር የሰው ሚዛን አስቀምጦ የሚመዝን ልጅ አይታችሁ የማታውቁ አትኖሩም። ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፤ ቀስቷ ትወዛወዝና ትቆማለች። 3 ኪሎ ቀንሳችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይፈካል። ጨምራችሁ ከሆነ ደግሞ ‹‹ሚዛኑ ተበላሽቷል እንዴ?›› ብላችሁ ልጁን ታፋጥጡታላችሁ። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ላንሳ። የቀነሰው ኪሎ ምንድን ነው? ስብ? ጡንቻ? ወይስ ውሃ? ሚዛን ይህን አይናገርም፤ እሱ የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሥጋ ቤት ግቡ። ከተሰቀለው ሥጋ ላይ ጮማው ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ ይታያል። የእኛም ሰውነት እንዲሁ ነው፤ ጮማው ስብ፣ ቀዩ ጡንቻ። በዚያ ላይ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለ፤ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ግላይኮጅኑን የኪስ ገንዘብ፣ ስቡን የባንክ ተቀማጭ፣ ጡንቻውን ደግሞ የቤቱ ምሰሶ በሉት።

ምግብ ስትቀንሱ ሰውነት መጀመሪያ ኪሱን ይዳብሳል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ‹‹2 ኪሎ ጣልኩ!›› የሚያሰኘው በአብዛኛው ይኸው ነው። ስቲም ገብቶ ላብ በላብ ሆኖ መውጣትም ያው ነው፤ ውሃ ስትጠጡ ኪሎዋ ትመለሳለች።

ቀጥሎ ተቀማጩ ይነካል። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲንና ስኳር ግን 4፣ 4 ብቻ ናቸው። ለመሆኑ ስቡ በየት በኩል ይወጣል? ብዙ ሰው በላብ ይመስለዋል። አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት፣ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ቦርጭ የሚወጣው በአፍንጫ ነው ማለት ነው!

ታዲያ ተቀማጭ እያለ ምሰሶው ለምን ይነካል? አእምሮ በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋል። ስብ ደግሞ ከጥቂቱ በቀር ወደ ግሉኮስ አይለወጥም። ስለዚህ ምግብ በጣም ሲያጥር ጉበት የጡንቻን ፕሮቲን እየወሰደ ግሉኮስ ይሠራል። ረሃቡ ሲቀጥል ከስብ የሚገኝ ኬቶን አእምሮን ስለሚያግዘው የጡንቻው መሸርሸር ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ያለ ስፖርትና ያለ በቂ ፕሮቲን የከሳ ሰው፣ ከጣለው ኪሎ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ ሊሆን ይችላል።

ፒያሳ የምትሠራ አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። የተወለደችበት ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ሰፈሮች አንዱ ነው። አሁን የምትኖረው ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ በእግሯ ሥራ ትገባ የነበረችው ጠዋት ማታ ታክሲ ላይ ሆነችና ውፍረት መጣ። የእህቷ ሠርግ ሲቃረብ ‹‹በዚህ ቦርጭ ሚዜ ሆኜ አልቆምም›› አለች። ቀኑን በማኪያቶ፣ ማታውን በሰላጣ ገፋችው። በሁለት ወር 9 ኪሎ ጣለች። ጓደኞቿ ‹‹አንቺ፣ እንዴት አምሮብሻል!›› አሏት። ለእኔ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው፦ ‹‹ውሃ ሲጠፋ ለእናቴ ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን ይዤ እወጣ ነበር። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል።›› ከሠርጉ በኋላ ኪሎው ተመለሰ፤ ጉልበቷ ግን አልተመለሰም። ስብ ተቀምጠው ሲበሉ ይመለሳል፤ ጡንቻ ግን ካልሠሩበት በቀላሉ አይመለስም። ምሰሶ ነቅሎ እሳት መሞቅ ማለት ይኸው ነው።

እና ምን ይሻላል? አንደኛ፣ አትቸኩሉ፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጡንቻን አሠሩት፤ የሚሠራበትን ምሰሶ ሰውነት ቶሎ አይነቅልም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ያለው አቀበት፣ ቸርችል ጎዳናም እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ክፍያ የማይጠይቁ ጂሞች ናቸው። ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ጨምሩበት። ሲት አፕ ብቻውን ግን ቦርጭን ለይቶ አያጠፋም።

ሦስተኛ፣ ፕሮቲን አትቀንሱ። በሚከሳበት ጊዜ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ በቀን 1.2 ግራም ያህል ጥሩ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 84 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። 55 ቀን የዐቢይ ጾምን የምትጾሙም አትስጉ፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ ከ20 ግራም በላይ አለ። ሽሮው፣ ባቄላውና አተሩም አለላችሁ። ችግሩ ጾሙ አይደለም፤ በእንጀራና በድንች ብቻ መግፋቱ ነው። የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ።

አራዳ ማለት ኪሎ የጣለ ሳይሆን ምኑን እንደጣለ ያወቀ ነው። ሳምንት እስክንገናኝ ምሰሷችሁን ጠብቁ!