መጀመሪያ ሙቀትን፣ ቀጥሎ ሪአክተርን

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2018፣ ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ከተማ በማስተምርበት የፊዚክስ ክፍል ጎበዞቹ ልጆች «ኑክሌር ምህንድስና የት ልማር?» ይሉኛል። ከአምባሰል፣ ከውጫሌ በኩል የመጡ አንድ አባትም ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «መምህር፣ እሷስ ልቧ ቆርጧል፤ ግን እንጀራ ይሆናታል ወይ?» አሉኝ።

እንዲሆናት የመጀመሪያ ዲግሪዋን እዚሁ አገር ቤት፣ በሜካኒካል፣ በኤሌክትሪካል ወይም በኬሚካል ምህንድስና ትያዝ አልኳቸው። ሪአክተር የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ በሚወጣው ሙቀት ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን። አስቸጋሪው ነገር ሪአክተሩ ሲዘጋም ሙቀቱ አብሮ አለመዘጋቱ ነው፤ በተዘጋበት ቅጽበት እንኳ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ያህል ሙቀት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ ሪአክተሮቹ በአግባቡ ተዘግተው ነበር። ነዳጁ የቀለጠው ሱናሚው የማቀዝቀዣውን መብራት ስላጠፋው ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰው ሙቀትን፣ ውሃንና ብረትን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባል። ይህን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ባለው የቴክኖሎጂ ተቋሙ ያስተምራል። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሪአክተር ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። ማመንጫው ቢዘገይ እንኳ ልጅቱ መሐንዲስ ነች፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ይፈልጓታል።

ወደ ውጭ መሄዱ ለማስተርስ ይሁን። ያኔ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትምህርት ቤቱ የራሱ ሪአክተር አለው ወይ?» የሚል ነው፤ በአገራችን የለምና። የሩሲያው ቶምስክ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ 6 ሜጋ ዋት የምርምር ሪአክተር አለው፤ በሩሲያኛ ለሚማር ግን አስቀድሞ አንድ ዓመት ገደማ ለቋንቋው ይሄዳል። ጋና ውስጥ አክራ አጠገብ ያለው ሪአክተር 34 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ትንሽነቱ አያስንቀው። ተማሪዋ መቆጣጠሪያ ዘንጉን ጥቂት ከፍ ስታደርግ የኒውትሮኑ ቁጥር ቆጣሪው ላይ ሲጨምር፣ መልሳ ስታወርደው ሲቀንስ ታያለች። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ምንም ያህል ብደክም ላሳያት አልችልም።

ለትምህርት ርቆ መሄድ ለሐይቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ደብረ ዳሞ ድረስ ሄደው ተምረው ነው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጡት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ ተነሥተው እሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የመምህሩ ዕውቀትና የመጻሕፍቱ ብዛት ነበር የሚስበው።

አባትዬው ስለ ገንዘቡም ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም የተሰየመ የነጻ ትምህርት ዕድል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለሴቶች ብቻ ይሰጣል። ለማስተርስ ነው፤ በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ ለትምህርት ክፍያ፣ እስከ 10,000 ዩሮ ለመኖሪያ ይሸፍናል። የሚመዝነው የመጀመሪያ ዲግሪዋን ውጤት ስለሆነ ኮምቦልቻ ላይ ከአንደኛ ዓመት ጀምራ ትበርታ። የሩሲያ መንግሥት ነጻ ትምህርት ማመልከቻም በነጻ ነው። «ቦታ አስይዝላችኋለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅ ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳይሰጡ ነግሬያቸዋለሁ።