ከዳናኔ ያልተመለሱት

አባቶቻችን የሬዲዮ ቴሌግራፍን «ነፋስ ስልክ» ይሉት ነበር፤ የሰፈራችንም ስም ከዚያው የወጣ ነው። በአቃቂ የነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ የእስረኞች ማጎሪያ ሆነ። ከተያዙትም ብዙዎቹ፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ በካሚዮን ተጭነው ሞቃዲሾ አጠገብ በባሕር ዳር ወዳለው ወደ ዳናኔ ተጋዙ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በተረሸኑ ጊዜ ከሞት የተረፉ ካህናትም ወደዚያው ተላኩ።

ሦስት ዓመት ተኩል በዚያ የታሰሩት ሚካኤል ተሰማ ከነጻነት በኋላ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ምግቡ ትል ያፈራ ጋሌጣ፥ መጠጡ ጨው የገባበት ውሃ ነበር፤ ወባውና ተቅማጡም አልቀረም። ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ እንደሞቱ መስክረዋል።

ጾም በፈቃድ ነው፤ ይህ ግን ጠላት የጫነው ረኃብ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ ለሰው የሚቀረው በልቡ የያዘው ብቻ ነው። ዳዊትን በቃሉ ያጠና ሰው መጽሐፉን ቢቀሙት ጸሎቱን አይቀሙትም። ተማሪዎቼ «በቃል ማጥናት ለምን?» ሲሉኝ ዳናኔን እነግራቸዋለሁ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ናዚዎች በአውሮፓ 6 ሚሊዮን አይሁድን ፈጁ። ስለዚያ ግፍ በኑረምበርግ ፍርድ ተሰጠ፤ ግራዚያኒ ግን በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው አልተከሰሰም።

በየቤታችሁ ከዳናኔ ሳይመለስ የቀረ አያት ወይም ቅድመ አያት ቢኖር፥ የክርስትና ስሙን ጠይቃችሁ ለንስሐ አባታችሁ ስጡ። ካህኑ በጸሎት የሚያስበው በዚያ ስም ነው፤ መቃብሩ የት እንዳለ አይጠይቅም። ስሙን የሚያውቁ ሽማግሎች ጥቂት ቀርተዋል።