ከውሃ የማትሸሸው ድመት

ድመት ውሃ እንደምትፈራ ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ጠብታ ሲነካት እግሯን እያራገፈች ስትሸሽም አይተናል። አላህ (ሱ.ወ) ግን ፍጥረቱን በአንድ ዓይነት ጠባይ ብቻ አልፈጠረም። በራሷ ፈቃድ ውሃ ገብታ የምትዋኝ ድመትም አለች። የቫን ድመት ትባላለች።

የብርድና የሙቀት ልብስ

ቫን በምሥራቅ ቱርክ ከኢራን ድንበር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ከተማ ነው። በአጠገቡ ያለው የቫን ሐይቅ ከቱርክ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። አገሩ በቀዝቃዛው ወራት በረዶ ይከመርበታል፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል።

የድመቷ ፀጉር ለሁለቱም ወራት የተሰናዳ ነው። ብርዱ ሲገባ አንገቷና ጅራቷ በረጅም ፀጉር ይሸፈናሉ። ሙቀቱ ሲመጣ አብዛኛውን ታራግፈዋለች፤ ጅራቷ ብቻ እንደ ቀበሮ ጭራ ጎፍሮ ይቀራል። ፀጉሯ እንደ ሐር የለሰለሰ ነው። እንደ ብዙዎቹ ባለ ረጅም ፀጉር ድመቶች ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ፀጉር ስለሌለው፣ ብትረጥብም ቶሎ ትደርቃለች፤ ለማበጠርም አታስቸግርም። ጠንካራና ተጫዋች ስትሆን፣ አካሏ ሙሉ በሙሉ እስኪጎለምስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅባታል።

የቫን ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት ሁለመናዋ ነጭ ሆኖ አንድ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ሌላው ማር መሰል የሆነችውን ነው። ወደ ምዕራቡ ዓለም የተሻገረችው ግን መልኳ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ በ1955 ሎራ ላሺንግተንና ሶንያ ሃሊዴይ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያት ከቱርክ ጉዟቸው ሁለት ድመቶች ይዘው ተመለሱ። የእነዚህ ዘር እ.ኤ.አ በ1969 በእንግሊዝ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ታወቀ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ «የቱርክ ቫን» የሚባለው ገላው ነጭ፣ ራሱና ጅራቱ ቀለም ያለበት ድመት ነው።

ውበትና አማና

ነጭ ሆነው ሰማያዊ ዓይን ካላቸው ድመቶች መካከል ከሌሎቹ ይልቅ ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ሆነው ይወለዳሉ። ለዓይኗ ውበት ብሎ የወሰዳት ሰው የመኪና ድምፅ እንደማትሰማ ካላወቀና መንገድ ላይ ከለቀቃት ለአደጋ ይዳርጋታል። በቫን የሚገኘው የዩዙንጁ ዪል ዩኒቨርሲቲም ዝርያው እንዳይጠፋ በማሰብ ለዚህች ድመት ጥበቃና ጥናት የሚሆን ማዕከል አቋቁሟል። ቆንጆን ነገር መውደድ ቀላል ነው፤ ከነጉድለቱ መንከባከብ ግን አማናን መወጣት ነው።

ይህን አማና ዲናችን ጥንት አስተምሮናል። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ውዱእ ሊያደርጉ የልጃቸው ሚስት ውሃ ስታቀርብላቸው ድመት መጣች። እሳቸውም እንድትጠጣ ዕቃውን አዘነበሉላት። ሴትየዋ በመገረም ስታያቸው፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚመላለሱት አንዷ እንደሆነች መናገራቸውን ነገሯት። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ድመት አስራ ሳታበላት፣ ከምድር ተባይም ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት የገደለቻት ሴት በዚያ ሰበብ እሳት መግባቷን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል።

እነዚያ ድመቶች ምን መልክ እንደነበራቸው ሐዲሶቹ አይነግሩንም። አንዷ ውሃ የተጠማች፣ ሌላዋ የተራበች ድመት ነበረች፤ ይኸው ለፍርድም ለእዝነትም በቂ ሆኗል።

ወላጆች ሆይ! የቫን ድመት በየቤታችን የለችም። አይጥ የምትጠብቅልን ባለ መስመር ግራጫዋ ድመት ግን አለች። ልጆቻችን ጅራቷን ሲጎትቱ፣ ድንጋይ ሲወረውሩባት አይተን ዝም ካልን ጭካኔን ያስተማርናቸው እኛው ነን። እናንተም ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የውሃ ዕቃዋ ባዶ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ።

አላህ (ሱ.ወ) ለፍጥረቱ ከሚያዝኑት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።