የኤዲስተን ፋና

በእንግሊዝ አገር ከፕሊመዝ ወደብ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕሩ ሲሞላ ከዓይን ሊሰወር ጥቂት የሚቀረው፣ መርከብ ሲሰብር የኖረ ኤዲስተን የሚባል ዐለት አለ። በ1698 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ዊንስታንሊ ያቆመበትን የመጀመሪያውን ማማ በ1703 ማዕበል ከነሐናፂው ጠርጎ ወሰደው፤ ሁለተኛውን፣ የእንጨቱን፣ በ1755 እሳት በላው። ሦስተኛውን ጆን ስሚተን በድንጋይ አንጾ በ1759 በ24 ሻማዎች አበራው።

ይህን ሕንፃ የሚያወሱ ሁሉ ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው መጠረባቸውን ያደንቃሉ፤ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ማንም ልብ የማይለውን፣ በድንጋዮቹ መካከል የገባውን ኖራ ነው። ተራ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለ ሆነ ውኃ ውስጥ አይረጋም፤ በኤዲስተን ደግሞ ባሕሩ ግንቡን ሳያጥብ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ጠንካራ ድንጋይ ጠንካራ ኖራ ይወጣዋል የሚለው ትምህርት ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቢሆንም፣ ስሚተን ሳይመረምር መቀበልን እንቢ ብሎ፣ ከየስፍራው የመጣውን ኖራ እያድበለበለ ውኃ ውስጥ ቢከተው፣ የለስላሳው ጠመኔና የጠንካራው ድንጋይ ኖራ አንዱ ከሌላው ሳይሻል ተገኘ። ኖራው የሚወጣባቸውን ድንጋዮች በአሲድ ቢያሟሟቸው ግን ምስጢሩ ተገለጠለት፤ በውኃ ውስጥ የሚረጋው፣ ሲሟሟ የሸክላ አፈር ዝቃጭ የሚተወው ኖሯል። ስለዚህም የዌልስን የአበርሶ ኖራ መርጦ፣ ከኢጣልያ ከመጣ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር እኩል ለእኩል ቀላቀለው።

ዛሬ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምንኛ በጠቀማቸው! ሲሚንቶን እንደ ጭቃ ፀሐይ የሚያጠነክረው እየመሰላቸው ኮንክሪቱን በፈሰሰ ማግስት ውኃ ይነፍጉታል። አንድ ግንበኛ «ኧረ አጠጣው» ብለው «ጋሼ፣ ሳይደርቅማ እንዴት ይጠነክራል?» ብሎ ሥቆብኛል። ሲሚንቶ ግን እንደ ስሚተን ኖራ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ እንጂ ውኃ አጥቶ አይደለም፤ ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል።

የስሚተን ማማ በ1882 በሌላ የተተካው ደክሞ ነው የሚሉም ተሳስተዋል። የተቦረቦረው ከሥሩ ያለው ዐለት ነበር፤ ግንቡ ነቀፋ አልተገኘበትም። የላይኛው ክፍል ተነቅሎ በፕሊመዝ ከተማ ከፍታ ላይ እንደገና ሲተከል፣ የታችኛው ጉቶ እዚያው ከአዲሱ ፋና አጠገብ ቀርቶ እስከ ዛሬ ማዕበሉን ይመክታል።